የቅዳሜ ሪፖርት

ጥርስ ሠሪዋ የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸችው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን እያወለቀች ነው። ታላቅ ወንድሟ ደወለ።

«ጫካ ገባሽ?» አላት።

«ገባሁ።»

አልገባችም። ብስክሌቷን ሦስት ሰዓት ሙሉ የነዳችው ከተማውን በሚዞረው አስፋልት ላይ ነበር።

«ጭቃው እንዴት ነው?»

«ያው ነው። ያዳልጣል።»

«ጎሽ የኔ ፌንጣ! በጭቃ የተማረ በደረቅ ይበራል» ብሎ ዘጋ።

ይኸው ነው። ከአፏ የወጣው ሁለት ሦስት ቃል ቢሆን ነው። ገላዋን ታጥባ፣ ምሳዋን በልታ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ በእውነት እገባለሁ ብላ ነገሩን ተወችው።

ወንድምና እህቱ የተራራ ብስክሌት ይነዳሉ። ቶሎ የሚያልቀውን አጭሩን አይደለም፤ ስድስት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ዳገትና ቁልቁለት የሚዞሩበትን ረጅሙን ነው። ወንድሟ የስፖርት መምህር ነው፤ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ይኖራል። በአሥራ አንድ ዓመት ስለሚበልጣት «ጋሼ» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ በልጅነቷ ደረጃ ባየች ቁጥር እየዘለለች ታስቸግር ስለነበር «ፌንጣ» እንዳላት ቀረ። የብስክሌት ኮርቻ ላይ ያወጣትም እሱ ነው።

ባለፈው የውድድር ወቅት መጀመሪያ ላይ አንድ ቀጥ ያለ የድንጋይ ቁልቁለት ስትወርድ የፊት ጎማዋ ከዳት። አየር ላይ ሳለች ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እጄን!» የቀኝ እጇ አንጓ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የእሷ እጅ ደግሞ እንጀራዋ ነው። የምትሠራው በጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ሐኪሞች ከታካሚ አፍ የወሰዱትን ልክ ይልኩላታል፣ እሷ በሰም ትቀርጻለች፣ በሴራሚክ ትሠራለች፣ አዲሱ ጥርስ ከጎረቤቶቹ እንዳይለይ ቀለሙን ታመሳስላለች። ሰባት ሳምንት ቀርታ ስትመለስ አለቃዋ የፊት ጥርሶቹን ሥራ፣ ሰው ሲስቅ የሚታየውን ረቂቁን ሥራ፣ ለሌላ ሠራተኛ ሰጥታ ጠበቀቻት። «ለጊዜው ነው» አለቻት። ያ «ለጊዜው» ሦስት ወር ፈጀ። ከዚያ ተመለሰላት፤ እሷ ግን እነዚያን ሦስት ወራት፣ መንጋጋ ብቻ እየሠራች የተቀመጠችባቸውን፣ አልረሳቻቸውም።

ዝናብ ሲገባ ውድድር ይቆማል። ለተመልካች እረፍት ነው፤ ለነጂ ግን ዋናው ሥራ የሚጀመረው ያኔ ነው። ወንድሟ የክረምቱን እቅድ በእጁ ጽፎ ላከላትና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። በሳምንት አራት ቀን ቤት ውስጥ፣ የኋላው ጎማ በብረት መቆሚያ ላይ ታስሮ፣ እግር ማጠንከር። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ የልብ ምት ቆጥሮ መመዝገብ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ ገብቶ በጭቃ መንዳት። ግቡ ከታች በቀይ ተሰምሮበታል፤ ዝናቡ ባቆመ በስድስተኛው ሳምንት የሚደረገውን የአሥራ ሁለት ሰዓት የጥንድ ውድድር ሁለቱ እየተፈራረቁ ነድተው ከመጀመሪያዎቹ አሥር ጥንዶች መሀል መግባት።

«ጉልበቴ ከእንግዲህ አንድ ትልቅ ውድድር ቢችል ነው፤» ብሏታል ወንድሟ። «እሱን ካንቺ ጋር ልጨርሰው።»

የቤት ውስጡን ሥራ ማንም አይችላትም። የጓሮዋን ክፍል ከፍታ፣ ቬንቲሌተሩን ፊቷ ላይ አዙራ፣ ፎጣ መሪው ላይ ጣል አድርጋ፣ ላቧ ወለሉ ላይ እስኪጠራቀም ትነዳለች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል።

«እኔ ስነዳ ውዬ ስመለስ ቢያንስ የሆነ ቦታ ደርሼ ነው» ይላታል። «አንቺ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነድተሽ እዚሁ ጓዳ ነሽ።»

ትስቃለች። ከዚያም ቁጥሮቹን ለወንድሟ ትልካለች። ቁጥሮቹ ያምሩ ነበር። እግሯ ካለፈው ዓመት በጣም ጠንክሯል፤ ወንድሟ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ ስለ እህቱ ያወራ ጀመር። አንድ ነገር ብቻ አልገባውም።

«የልብ ምትሽ በአዘቦት ቀን አርባ ስምንት ነው፣ አርባ ዘጠኝ ነው» አላት አንድ ቀን። «ቅዳሜ ጠዋት ስድሳ ሦስት። ያለፈው ቅዳሜም ስድሳ አንድ። ምንድን ነው እሱ?»

ጥርስ ሠሪዋ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«ጫካው እየናፈቀኝ ይሆናል።»

«አይ አንቺ!» አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እውነተኛውን ቁጥር አልጻፈችም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሷ ግን እያደር ይከብድ ጀመር። ወንድሟ ዝርዝር ይወዳል፤ የትኛው መታጠፊያ ላይ ውሃ ተኝቷል፣ ሥሮቹ ተገልጠዋል ወይ፣ የጎማሽን አየር ምን ያህል ቀነስሽ ይላታል። እሷም ዐርብ ከሥራ ስትወጣ ነገ የምትለውን ታዘጋጃለች። ለአንዱ ሳምንት የተናገረችው ከሌላው እንዳይጋጭ በሥራ ቦታ ማስታወሻዋ ጀርባ ላይ ትጽፋለች፤ «ትልቁ ዛፍ ጋ ውሃ። ግራውን ይዤ ወረድኩ።» የሌላ ሰው ጥርስ አስመስላ መሥራት ሙያዋ ነው፤ ይኸኛው ግን እጇን ያልበዋል።

አንድ ቅዳሜ ወንድሟ ፎቶ ላኪልኝ አላት። ባሏ ከፈረቃው ሲመለስ ግቢው ውስጥ አገኛት፤ የአበባውን መደብ በባልዲ ውሃ አርሳ ጭቃውን በእጇ እየዘገነች ብስክሌቷ ላይ ትለጥፋለች።

ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ።

«ሰው ብስክሌቱን ሲያጥብ አይቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሲያቆሽሽ ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

«ዝም በል እባክህ።»

«ለማን ነው?»

ጭቃ በያዘው እጇ ፊቷን ልትጠርግ ስትል እጇን ያዛት። ያኔ ነገረችው፤ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ አንድም ቁልቁለት አለመውረዷን፣ ወንድሟ ግን በየሳምንቱ እንደምትወርድ ማመኑን።

«ይህማ አይሆንም» አለ ባሏ። «ወንድምሽ እኮ ነው። ፈራሁ ብትዪው ይበላሻል?»

«እስኪሻለኝ ነው። ሲሻለኝ ውሸቱ እውነት ይሆናል፣ ማንም አያውቅም።»

«ካልተሻለሽስ?»

«ይሻለኛል። እንዳትነግረው ብቻ፤ ማልልኝ።»

ማለላት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሟ ሲደውል ስልኩን አንስቶ ማጫወቱን ትቶ ወደ ጓሮ ይወጣ ጀመር።

ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። አንድ እሑድ ጠዋት ለማንም ሳትናገር ጫካ ሄደች። የመረጠችው ቁልቁለት ከዚህ በፊት እየዘፈነች የምትወርደው ነበር፤ ርዝመቱ ከሠላሳ እርምጃ አይበልጥም። አፋፉ ላይ ቆመች። ፍሬኑን ጨመቀች፣ ለቀቀች፣ ጨመቀች። የፊት ጎማዋ ፊት ለፊት አንድ እርጥብ ሥር ነበር፤ እሷ ግን ያየችው ድንጋዩን ነው፤ የእጇ አንጓ ሲሰበር የሰማችውን ያንን ድምፅ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይኸው ነው። በእግራቸው የሚንሸራሸሩ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ከኋላዋ መጡ።

«ልጄ፣ ልትወርጂ ነው? እናሳልፍሽ?» አሏት ሴትየዋ።

«እናንተ እለፉ፣ እማማ።»

አለፉ፤ ሽማግሌው ከዘራቸውን እየተከሉ፣ ሴትየዋ ክንዳቸውን ይዘው፣ ዐሥር ጊዜ እየቆሙ ወረዱ። ታች ደርሰው ዞር ሲሉ እሷ አሁንም እዚያው ነበረች። በመጨረሻ ከብስክሌቷ ወርዳ እየገፋች ተከተለቻቸው። በማግስቱ የሰም ቢላዋዋን ስትይዝ ጣቶቿ ሲንቀጠቀጡ አለቃዋ አየቻት። «እጅሽ አመመሽ እንዴ?» አለቻት። «ብርድ ነው» አለች ጥርስ ሠሪዋ። ይህም ሌላ ውሸት መሆኑ ነው።

ዝናቡ ሊያባራ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወንድሟ በደስታ እየጮኸ ደወለ።

«ስሚ፣ እቅዱን ቀይሬዋለሁ! አንቺ በጭቃ ቁልቁለት እንዲህ ከሆንሽ፣ ዙሩን እኩል የምንካፈልበት ምክንያት የለም። አንቺ ብዙውን ትነጂያለሽ፣ እኔ ጉልበቴን እቆጥባለሁ። ደግሞ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ አብረን እንነዳለን። መቼም የምትወርጂውን በዓይኔ ልየው!»

«ቅዳሜ… ዝናብ ይላሉ፣ ጋሼ።»

«ዝናብ ብርቅሽ ነው?»

የፈሩት ይደርሳል አለች በልቧ። አራት ቀን ነበራት። በአራቱም ቀን ስልኩን አንስታ «ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ» ልትለው አሰበች፤ በአራቱም ቀን ወሬው ሌላ ሆነ።

ቅዳሜ ወንድሟ በመጀመሪያው አውቶቡስ ብስክሌቱን ይዞ መጣ። አዲስ ልብስ ገዝቷል፤ ለእሷም ከእሱ ጋር የሚመሳሰል ገዝቶላታል። ባሏ ሁለቱን ሲሸኝ ዓይኗን ፈልጎ አያት፤ «አሁን ንገሪው» የሚል አስተያየት ነበር። አንገቷን ደፋች።

ዳገቱ ላይ ወንድሟ ሊደርስባት አልቻለም። ጉልበቷ ጉድ ያሰኛል። «ኧረ ቀስ በይ፣ ሽማግሌ አትግደዪ!» እያለ ከኋላ ይጮኻል። አፋፉ ላይ ደርሰው ትንፋሽ ሲሰበስቡ ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ይህኛው ቁልቁለት ረጅም ነበር፤ በዛፎች መሀል እየተጠማዘዘ ወርዶ ታች አንድ የእንጨት ድልድይ ጋ ያበቃል።

«ቅደሚ» አላት።

«አንተ ቅደም። እከተልሃለሁ።»

«በጣም እንዳትጠጊኝ ታዲያ» ብሎ ቀለደና ወረደ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ከዓይኗ ተሰወረ።

እሷም እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። አራት አምስት እርምጃ ያህል ወረደች። ከዚያ ጎማዋ ትንሽ ሸተት ሲል ሁለቱንም ፍሬን አጥብቃ ያዘች፤ ቆመች። ተመልሳ አልጀመረችም። ወርዳ መግፋት ያዘች፤ ታች ስደርስ የብስክሌቴ ካቴና ወለቀ እለዋለሁ እያለች ቃሉን ታዘጋጃለች።

ታች ድልድዩ ጋ ወንድሟ ጠበቀ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። እሱ የሚያውቃት እህቱ ይህንን ቁልቁለት በአንድ ደቂቃ ነው የምትጨርሰው፤ በየቅዳሜው የነገረችውም ይህንኑ ነው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ብስክሌቱን ጥሎ ሽቅብ ሮጠ።

«ፌንጣ! ፌንጣ!»

ድምፁን ሰማች። እንዲህ ሆኖ ሲጣራ ሰምታው የምታውቀው አንዴ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ላይ የወደቀች ቀን። «ደህና ነኝ! አለሁ!» ብላ መለሰችለት፤ ዝናቡ ግን ቅጠሉ ላይ እየጮኸ ነበርና አልሰማም። ብስክሌቷን ትታ ቁልቁል ሮጠች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ አየችው፤ በጭቃው ሽቅብ ሲሮጥ፣ የብስክሌት ጫማው ሲከዳው፣ ግራ እግሩ ከሥሩ ሲታጠፍ። የጮኸው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር።

አጠገቡ ተንበረከከች። እሱ ግን ጉልበቱን ትቶ እጇን ነው የያዘው፤ አንጓዋን አገላብጦ አየ፣ ፊቷን ዳበሰ፣ ሄልሜቷን ነካ።

«የት ነው? የት ነው የተመታሽው?»

«አልወደቅኩም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

ካቴናው ወለቀ ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣላትም።

«እየገፋሁ ነበር የምወርደው። ከወደቅኩ ወዲህ አንድም ቀን አልወረድኩም። ጫካ ገባሁ ያልኩህ ሁሉ ውሸት ነው። ሁሉም።»

ዝናቡ በሁለቱም ላይ ወረደ። ወንድሟ ያኔ ገና ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ፎቶውስ?» አለ በመጨረሻ።

«የአበባ መደብ ጭቃ ነው።»

«የልብ ምቱስ?»

«የቅዳሜውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት።» እሱም ፊቱን አዞረ።

«መፍራትሽን ብትነግሪኝ ምን እልሽ ነበር? የሞትሽ መስሎኝ ነው እኮ የሮጥኩት። ሞታለች ብዬ ነው።»

ተደግፏት፣ በአንድ እግሩ እየነጠረ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶባቸው ወጡ። ባሏ መኪና ለምኖ መጣላቸው። ወንድሟ ቤት ገብቶ ልብሱን ቀየረ፣ ሻይ አልጠጣም አለ፣ በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደ። ሲሰናበት ባሏን አቀፈ፤ እሷን «በሉ ደህና ሁኑ» አላት። እሷን ለብቻዋ እንደ እንግዳ «ሁኑ» ብሏት አያውቅም።

ዘጠኝ ቀን አለፈ፤ አልደወለም። እሷ ስትደውል ሚስቱ ታነሳለች፤ «ተኝቷል» ትላለች፤ «ሐኪም ጋ ነው» ትላለች። ጥርስ ሠሪዋ በሥራ ሰዓት ስልኳን ከሰሙ ጎን አስቀምጣ በየደቂቃው ታየዋለች። አንድ የፊት ጥርስ ቀለሙን ስታ ሁለት ጊዜ ደግማ ሠራች። አለቃዬ መንጋጋ ትሰጠኝ ይሆን ብላ ፈራች፤ ከዚያ ደግሞ ስለ መንጋጋ መፍራቷ አሳፈራት።

በአሥረኛው ቀን ቁርስ ላይ ባሏን «ነገ ከሥራ በፊት አብረኸኝ ጫካ ትመጣለህ?» አለችው።

«ምን ላደርግ?»

«ታች ትቆማለህ። እንዳትጮህብኝ፣ እንዳታበረታታኝም። ቁም ብቻ።»

ሄዱ። የጀመሩት ከደጃፍ ደረጃ በማይበልጥ ስርጓዳ ነው፤ ባሏ ሳቁን ዋጠ። እዚያችው ላይ አሥር ጊዜ ወረደች። በማግስቱ ትንሽ ከፍ ያለ ፈለጉ። አንዳንድ ቀን ወርዳ ትመጣለች፤ አንዳንድ ቀን አፋፉ ላይ ቆማ «ዛሬ አይሆንም» ትላለች፤ ባሏም «እሺ» ብሎ ሰዓቱን አይቶ ወደ አውቶቡሱ ይሮጣል። ፍርሃቱ አልለቀቃትም። የተለወጠው ነገር ቢኖር ስትፈራ የሚያያት ሰው መኖሩ ነው።

ወንድሟ የደወለው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው።

«ጅማቱ ተቀዷል» አለ፣ ሰላምታ ሳያስቀድም። «ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ውድድሩ ለእኔ የለም።»

«በኔ ነው።»

«አዎ፣ ባንቺ ነው» አለ። «ባንቺ ብቻ ግን አይደለም። አልፈራሽም ወይ ብዬ አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ከዚያ አወዳደቅ በኋላ! ተማሪዬ ብትሆኚ በመጀመሪያው ቀን እጠይቅሽ ነበር። መስማት የምፈልገውን ነው የነገርሽኝ፣ እኔም ደስ እያለኝ ዋጥኩት።»

ጥርስ ሠሪዋ አለቀሰች። እስክትጨርስ ጠበቃት።

«አሁን ምን ላይ ነሽ?» አላት።

ነገረችው። ከደጃፍ ደረጃ መጀመሯን፣ ድሮ እየዘፈነች ትወርደው የነበረውን ሠላሳ እርምጃ ትናንት ሁለት ጊዜ መውረዷን፣ ሦስተኛውን ጊዜ እምቢ ማለቷን፣ ዛሬ ጠዋት የልብ ምቷ ስድሳ ሰባት እንደነበረ። ምንም አላሳመረችለትም። እሱም ሲሰማ ቆይቶ፣ በጥንዱ ውድድር ቀን ለብቻ የሚነዳ የስድስት ሰዓት ውድድር እንዳለ፣ ብትፈልግ ስሟን ወደዚያ እንደሚያዛውር ነገራት። ግብ አልሰጣትም።

በውድድሩ ቀን ወንድሟ በክራንች መጥቶ ምግብና ውሃ የሚቀበሉበት ጠረጴዛ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መንገዱ ሦስት ቁልቁለት ነበረው። ሁለቱን ወረደች፤ በየዙሩ ጥርሷን ነክሳ፣ እንዴት እንደወረደች ሳታውቀው። ሦስተኛውን፣ ድንጋይ የበዛበትን፣ በእያንዳንዱ ዙር ከብስክሌቷ ወርዳ ገፋችው። ከኋላ የሚመጡት «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ሲጮኹባት ወደ ጥግ ትላለች፤ ፊቷ ይነዳል፤ ከዚያ መግፋቷን ትቀጥላለች። አምስተኛው ዙር ላይ ልሞክር ብላ አንድ እግሯን አንስታ ነበር፤ መልሳ አወረደችው። ዳገቱ ላይ ግን ጩኸው ያለፏትን አንድ በአንድ ትለቅም ነበር። ከሠላሳ አራት ሴቶች አሥራ ዘጠነኛ ሆና ገባች።

ወንድሟ በክራንቹ እየተደገፈ ተነሥቶ ጠበቃት።

«ድንጋዩን?» አላት።

«ስድስቱንም ዙር በእግሬ።»

«ሌሎቹንስ?»

«ወረድኳቸው። ግን እስካሁን እየፈራሁ ነው፣ ጋሼ። አልቆም አለኝ።»

«እሺ» አለ። «ነይ ቁጭ በይ።»

ወንበሩን ለቀቀላት። ሙዝ ሰጣት፤ ልጣጩን ለመክፈት ሞከረች፣ ጣቶቿ እምቢ አሏት። ወንድሟ ክራንቹን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ሙዙን ከእጇ ወሰደ፣ ላጠላት፣ መልሶ ሰጣት።